ሁለት ሰው የሚያጠጣው ዛፍ

ዛፉን ስልኩ ላይ የጫነችው ልጃቸው ናት። ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ ወላጆቿን ከሩቅ ማስተዳደር የምትችል መስሏት፣ መድኃኒት ዋጡ የሚል አፕ፣ ውሃ ጠጡ የሚል አፕ፣ አሁንስ ተኙ የሚል አፕ እየጫነች የእናቷን ስልክ የጩኸት መጋዘን አድርጋዋለች። አንዱ ሲያባራ ሌላው ይቀጥላል። እናትየው የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ስለሆነች ጩኸት ብርቋ አይደለም። ልጆቹን ግን ቢያንስ "ዝም በሉ" ብሎ ማስቆም ይቻላል። ስልኩ ዝም በል ሲሉት፣ "በእርግጥ ዝም እንድል ይፈልጋሉ?" ብሎ መልሶ ይጠይቃል።

ዛፉን ግን ወደደችው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰዎች እጃቸው ላይ ስማርት ሰዓት ያስራሉ፣ ሰዓቱ እርምጃቸውን ይቆጥራል፣ ስልኩ ላይ ያለው አንድ ዛፍ ደግሞ በሁለቱም እርምጃ ውሃ ይጠጣል። ሁለቱም የቀን ድርሻቸውን ከተራመዱ ቅጠል ያወጣል። አንዳቸው ከሰነፉ፣ ሌላኛው አገር ምድሩን ሲያዳርስ ቢውል እንኳ፣ ዛፉ ይጠወልጋል። ልጅቷ ይህን የጫነችው ለአባቷ ስትል ነው።

አባትየው ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ "መቀስ" ብሎ ይጠራዋል፤ ግማሹ ለሙያው ነው፣ ግማሹ ለምላሱ። ባለፈው ዓመት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ማታ ማታም እግሩ እያበጠ ቢያስቸግረው ባልና ሚስቱ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ምርመራውን አገላብጦ አየና፣ "ልብዎ ደክሟል። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ በየቀኑ ካልተራመዱ ግን መድኃኒቱ ብቻውን የትም አያደርስዎትም" አለው። መቀስ ቀልድ ሊጀምር አፉን ሲከፍት ሐኪሙ ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ፣ "እርስዎ ይከታተሉልኝ" አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የባሏ ልብ በአደራ የተቀበለችው ዕቃ ሆነባት።

"አብረን እንራመድ" ብላው ነበር መጀመሪያ።

"ሐኪሙ ፈጠን ፈጠን በል ነው ያለኝ" አላት መቀስ። "አንቺን ይዤ ልፍጠን ብል ትደክሚያለሽ፣ ቀስ ልበል ብል ልቤ ይሰንፋል። አንቺ በታችኛው መንገድ ሂጂ፣ እኔ ሱቄን ዘግቼ በላይኛው ወደ ሜዳው እወጣለሁ። ማታ ዛፋችን ላይ እንገናኛለን።"

ዛፋችን አለ። እንዲህ ዓይነት ቃል ከመቀስ አፍ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሆኖት ስለነበር ሌላውን ነገር አልመረመረችም። ሴት ልጅ ስንት ዓመት ትዳር ውስጥ ብትኖር በአንዲት ቃል ልቧ የሚሸነፍበት ቀን አታጣም፤ የመምህርቷም ቀን ያ ነበር።

መቼም የሰው ገላ በሥራው ያልቃል። መቀስን መቀመጥ እንደጎዳው ሁሉ እሷን ማጎንበስ ጎድቷታል። ለሕፃናት ልክ በተሠራ ወንበር ላይ ስትቀመጥና ስትነሳ፣ የጫማ ክር ስታስር፣ አፍንጫ ስትጠርግ፣ ቀኝ ጉልበቷ ድሮ ነው የተሰናበታት። ታችኛው መንገድ ሲጀመር ደልዳላ ነው፤ ወደ መታጠፊያው ሲጠጉ ግን ሽቅብ ይሆናል፤ እዚያ ስትደርስ ጉልበቷ ውስጥ እሳት ይለኮሳል። መታጠፊያው ጋ አንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አለ። በየቀኑ እሱን ተደግፋ ቆማ ስልኳን ታወጣና መልእክት የምታነብ ትመስላለች፤ ጎረቤት ቢያልፍ "ምን ሆንሽ" እንዳይላት። ሕመሙ ሲበርድላት ጥርሷን ነክሳ ትቀጥላለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ በተለይ ለመቀስ። እሷ ብትቀር ዛፉ ይጠወልጋል፣ ዛፉ ቢጠወልግ መቀስ ተስፋ ይቆርጣል፣ ተስፋ ከቆረጠ መራመዱን ይተዋል፣ ከተወ ደግሞ... ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አትፈልግም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውስጥ ገብታ ጉልበቷን በፋሻ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፣ ቀሚሷን ታወርዳለች፣ ትወጣለች።

እሱ ሁልጊዜ ከእሷ ዘግየት ብሎ ይገባል። ፊቱ እርጥብ ነው፣ የሸሚዙ አንገትጌ እርጥብ ነው። ፎጣ ታቀብለዋለች። "ዛሬስ ሜዳውን አጠፋሁት" ይላታል፤ ከዚያ ተያይዘው ስልኩ ላይ ያጎነብሳሉ። ዛፉ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ልጃቸው ከሩቅ ሆና "አባዬ አንበሳ" ብላ ትጽፋለች። ይህች ሴት እጁን ሳይታጠብ ታጥቤያለሁ የሚል ሕፃን ገና ከበሩ ሲገባ የምታውቅ ናት፤ የስንቱን ልጅ ውሸት ዓይን ዓይኑን አይታ አፍርጣለች። የሽበታሙን ግን ሳታየው ቀረች። ያመኑትን ሰው ዓይን ዓይኑን ማን ያያል?

ሐኪም ቤት የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ስልኳን እንደ ሽልማት ይዛ ገባች። ዛፉን ለሐኪሙ አሳየችው። ከዛፉ ሥር ያለውን ሰንጠረዥ፣ በየቀኑ የተራመደውን የሚያሳየውንም አሳየችው። ሐኪሙ ደስ ብሎት ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ላይ ታች እያደረገ አየ። "እንዲህ የሚታዘዝ ታካሚ ስንት አለኝ" አለ። ከዚያም ከመድኃኒቶቹ አንዱን በግማሽ ቀነሰለት፤ በደንብ የሚንቀሳቀስ ሰው ያን ያህል አያስፈልገውም ብሎ። መቀስ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ። ትሕትና መሰላት። እንዲያውም ስትወጣ ክንዱን ይዛ፣ "ምነው ሲያመሰግኑህ አንገትህን ደፋህ" ብላ ቀለደችበት።

ከዚያ በኋላ አንድ ማክሰኞ ዛፉ ጠወለገ።

የእሷ ድርሻ ሞልቷል፤ የእሱ ባዶ ነው። መቀስ ግን እንደ ልማዱ ፊቱ ረጥቦ ነው የገባው። "ሰዓቱ ነው" አለ። "ምኑ ዕቃ ነው፣ ዛሬ የሚሠሩት ሁሉ ለነገ አይሆንም።" በነጋታውም ጠወለገ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሎቹ ቡናማ ሆነው መርገፍ ሲጀምሩ አላስቻላትም። ሰዓቱን ከእጁ ፈትታ፣ በነጋታው ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ስልክ ጠጋኙ ሱቅ ሄደች።

ስልክ ጠጋኙ ጆሮው ውስጥ የሰካውን ማዳመጫ ሳይነቅል አዳመጣት። አፑን አጥፊና አብሪው አላት፤ አጠፋች፣ አበራች። አፑ ካልታደስኩ አልከፈትም አለ። ታደሰ። ሲታደስ ማን እንደሆነች ረሳት፤ የይለፍ ቃል ጠየቃት። የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ልጇ ናት፤ ልጇ ስብሰባ ላይ ናት። "ረሳሁት" የሚለውን ነካች። "የመጀመሪያ የቤት እንስሳዎ ስም ማን ነው?" አላት። ዕድሜዋን ሙሉ እንስሳ አሳድጋ አታውቅም። ቆሽቷ አረረ። ልጅቷ ከስብሰባ ወጥታ እስክትደውል ድረስ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ባንድ እግሯ ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ ሲከፈት ስልክ ጠጋኙ ሰዓቱን እጁ ላይ አስሮ እንደ ወታደር ክንዱን አወዛወዘ። የዛፉ ሥር ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

"ይኸው፣ ምንም አልሆነም። ከተወዛወዘ ይቆጥራል፣ ካልተወዛወዘ አይቆጥርም" አላት።

ወደ ቤት ስትሄድ መፍትሔው ብልጭ አለላት። መቀስ ገና ሲገባ በሩ ላይ ጠበቀችው።

"አንተ፣ ስትራመድ እጅህን ኪስህ ውስጥ ትከታለህ አይደል?"

መቀስ ትንሽ አሰበ። "ሳልከተው አልቀርም" አላት። "ሰሞኑን ብርድ ብርድ ይለኛል።"

"እሱ ነዋ። ካልተወዛወዘ አይቆጥርልህም። በከንቱ ነው የለፋኸው።"

"ወይ ጉድ" አለ። "ከሰኞ ጀምሮ አወጣዋለሁ፤ እስከዚያ ብርዱም ይለቀኛል።"

እንዲህ አድርጋ ውሸቱን ራሷ ሰፍታ አለበሰችው። እሱ ልብስ ሰፊ ሆኖ ልኩን እንኳ መስጠት አላስፈለገውም።

እውነትም በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ዕለት ዛፉ ነፍስ ዘራ። አዲስ ቅጠል ብቻ ሳይሆን ጫፉ ላይ እምቡጥ አወጣ። መምህርቷ በዚህ ነገር ኮራች፤ ማክሰኞ ጠዋት ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ፣ ባሏን ከነሰዓቱ እንዴት እንዳስተካከለችው እየሳቀች አወራች። ማክሰኞ አመሻሽ ላይም ጉልበቷን አስራ ለእርምጃ ወጣች።

የመቀስ ሱቅ ያለው ታችኛው መንገድ ዳር ካለው ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። መግቢያው ግን በወዲያኛው፣ በላይኛው መንገድ በኩል ስለሆነ፣ ደረጃውም ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ሱቁን ረግጣው አታውቅም። በሕንፃው ምድር ቤት የተቃጠለ ሞተር የሚጠግነው ሞተር ጠምጣሚ ያን ዕለት በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ስታልፍ አያትና ጠራት።

"እህቴ፣ ለመቀስ አንድ ነገር ንገሪልኝ። የስፌት መኪናውን ሞተር እንደ አዲስ ጠምጥሜ መልሼለታለሁ። ግን እንደዚያ ሳያቋርጥ የሚያስኬደው ከሆነ መልሶ ይቃጠላል። የስፌት ሞተር እየተነሳ፣ እያረፈ እንዲሠራ ነው የተሠራው። ብነግረው በቀልድ አለፈኝ።"

"መቼ ተቃጥሎበት ነው?" አለችው።

"ያለፈው ሳምንት ሰኞ ማታ አምጥቶ ጣለብኝ። ትናንት በቀን ነው የወሰደው። ለመሆኑ ማታ ማታ የማንን ልብስ ነው እንደዚያ የሚሰፋው?"

"ማታ አይሰፋም። ይራመዳል።"

ሞተር ጠምጣሚው ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። "ታዲያ ይሄ ማን ነው?" አላት።

ጆሮዋን ጣል አደረገች። ከፎቁ ላይ የስፌት መኪናው ድምፅ ይመጣል።

ሰኞ ማታ ተቃጠለ፤ ማክሰኞ ዛፉ ጠወለገ። ትናንት ተጠገነ፤ ትናንት ዛፉ ለመለመ። የእሷ ተማሪዎች እንኳ በጣታቸው የሚደምሩት ሒሳብ ነው። ቢሆንም ልቧ እንቢ አለ። ሰው ቢያጣድፈው ይሆናል፣ ለዛሬ ብቻ ይሆናል፣ ጨርሶ ሊራመድ ይሆናል እያለች ሕንፃውን ዞረችና ደረጃውን ያዘች። በግራ እግሯ እየወጣች ቀኙን እየጎተተች፣ በየደረጃው እየቆመች ወጣች። በቆመች ቁጥር ድምፁን ትሰማለች። የልብስ ሰፊ ሚስት ናት። ስፌት ትንፋሽ እንዳለው ታውቃለች፤ ይሮጣል፣ ጥግ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ጨርቁ ይዞራል፣ እንደገና ይሮጣል። ይሄኛው አንዴም አልተነፈሰም። ከሥሩ ጨርቅ የለም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረገችው።

አሮጌው የእግር ስፌት መኪና፣ ሲጋቡ የነበረው፣ ሞተር ከተገጠመለት ቆይቷል። መቀስ ግን መርገጫውን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያያይዘውን የድሮውን ቺንጋ አላወለቀውም ነበር፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲዞር ታች ያለው ሰፊ የብረት መርገጫ ማንም ሳይረግጠው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። መርፌው ተነቅሏል። የኤሌክትሪኩ ፔዳል ላይ ካውያ ተጭኖበታል። መርገጫው ጫፍ ላይ ደግሞ የመቀስ ስማርት ሰዓት ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ከመርገጫው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

መቀስ ራሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። እግሮቹን የጨርቅ ጥቅል ላይ ሰቅሏል። አጠገቡ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ጣሳ አለ። ስልኩ ላይ ባለቀለም ፍራፍሬ እየደረደረ ያፈነዳል፤ ሦስት ሎሚ ገጠመና ስልኩ "ግሩም ነው" ብሎ ጮኸለት።

ቀና ሲል አያት። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ነገር "ደረጃውን እንዴት ወጣሽው?" የሚል ነበር።

"አጥፋው" አለችው።

"የቱን?"

"ሁሉንም።"

ካውያውን አነሳ፤ መኪናው ቆመ። ስልኩን ኪሱ ከተተው፤ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ሙዚቃውን ቀጠለ። እንደገና አውጥቶ አጠፋው። ጣሳውን በእግሩ ገፋ አደረገው፤ እሷ ግን አይታዋለች። ስንት ማታ በዚያ ውሃ ለረጠበ ፊት ፎጣ አቀብላለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

መቀስ ምላሱን ፈለገና አጣው። "መጀመሪያ ሰሞን ተራምጃለሁ" አለ። "እውነቴን ነው። ከዚያ ሰለቸኝ። ሜዳው ላይ ብቻዬን ስሽከረከር ለራሴ ሞኝ መሰልኩ። አንድ ቀን ቀረሁ፣ ዛፉ ጠወለገ። ፊትሽን ብታዪው ኖሮ። ሰው የሞተብሽ ነው የምትመስይው። ከዚያ ነው ይሄን ያሰብኩት። ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ።"

"ዛፉን ስለምትወጂው።"

ደሟ ፈላ፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። ክፍል ውስጥም ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ነው የሚለው፤ ልጆቹ የሚፈሩት ያንን ነው። "ሐኪሙ መድኃኒትህን ሲቀንስስ?"

"ምን ልበል? ስልክሽን ዘርግተሽ በሰው ፊት እንደዚያ ስትኮሪብኝ፣ ውሸት ነው ብዬ ላዋርድሽ?"

"በእኔ እጅ ነው ያስቀነስከው" አለች። "አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ። ብትሞት በእኔ ስልክ ነበር የምትሞተው።" ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየችው። "ነገ አብረን እንሄዳለን። ለሐኪሙ አንተ ራስህ ትነግረዋለህ፤ እኔ አንዲት ቃል አልናገርልህም።"

"እነግረዋለሁ" አለ መቀስ። "እንዳልሽ።" ቁጣዋ ያለፈለት መሰለው። ሰውየው ምላሱ ሲመለስለት ነገር የሚያበላሽ ዓይነት ነው። ቀረብ አላትና ድምፁን አለሳልሶ፣ "ግን ጥዬሽ የነበርኩ አይምሰልሽ" አላት። "እዚህ የምቀመጠው ለምን ይመስልሻል? አንቺን ለማየት ነው። በዚህ መስኮት መንገዱ ሁሉ ይታያል። ከታች ብቅ ስትይ ጌሙን አቆመዋለሁ። አንድም ቀን ዓይኔን ከአንቺ ላይ አንስቼ አላውቅም። ምሰሶው ጋ ስትደርሺ ቆም ትያለሽ፣ ስልክሽን ታወጫለሽ፣ ጉልበትሽን በእጅሽ ታሺዋለሽ። አንዳንዴ ይቆይብሻል። እስክትታጠፊ ድረስ እኔም እዚህ ቆሜ ነው የማይሽ።"

ይህን የተናገረው እንደ ፍቅር ቆጥሮት ነው። ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ካሣ የከፈለ ነው የሚመስለው።

መምህርቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ታች መንገዱ ይታያል፣ ሽቅቡ ይታያል፣ ምሰሶው ይታያል። አንዲት ሴት በግ የሚያክል ቦርሳ ተሸክማ ምሰሶውን አልፋ ሄደች፤ የጫማዋ ቀለም ሳይቀር ይለያል። መኪናው ብቻ ቢሆን፣ ውሃው ብቻ ቢሆን፣ መድኃኒቱም እንኳ ቢሆን፣ ጮሃ፣ አልቅሳ፣ ውሎ አድሮ ይወጣላት ነበር። ይሄ ግን ቅስሟን ሰበረው። ለማንም ያልነገረችውን ሕመሟን አንድ ሰው ያውቅላት ኖሯል። ያ ሰው ደግሞ ሕመሟን በየማታው ተቀምጦ አይቶ፣ ቤት ገብቶ ፎጣ ተቀብሏታል።

"እንደሚያመኝ ታውቅ ነበር" አለችው።

"እንዴት አላውቅም? ሚስቴ አይደለሽ?"

ከእጇ ላይ የራሷን ሰዓት ፈታችና የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ሰዓቱ የዛሬው ድርሻዋ ገና እንዳልሞላ ሊነግራት ጢር ጢር አለ። ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ባሏ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፋሻውን ከጉልበቷ ላይ ፈታችው። ሥጋው ላይ የፋሻው መስመር ተቀርጿል። መቀስ አየው። እሷ ፋሻውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ በሩ ሄደች።

ተከተላት። ደረጃው አናት ላይ እጁን ዘረጋላት። "ነይ ደግፌሽ ልውረድ። ደረጃው ለጉልበትሽ አይሆንም" አላት።

የብረቱን ድጋፍ ያዘች።

"አንተ እዚያው ሁን" አለችው። "ከላይ ሆነህ ማየቱን ለምደኸዋል።"

መጀመሪያ ቀኝ እግሯን አወረደች፣ ግራውን እዚያው ደረጃ ላይ አመጣች፣ ትንሽ ቆመች፣ ደግሞ ቀጠለች። መቀስ ደረጃው አናት ላይ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረውምና፣ እስክትጨርስ ድረስ አያት።